ሰላምታ ያስለቀሰው በር

እኔ ቀለም ሻጭ ነኝ። ቢቸና ውስጥ ከእኔ ሱቅ ቀለም ያልገዛ ሰው ካለ ወይ ቤት አልሠራም፣ ወይ ከእኔ ጋር ተጣልቷል። ለቆርቆሮ ይኼኛውን፣ ለግድግዳ ያንኛውን እያልሁ ስመክር ኖሬአለሁ። "የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን እንዳይደርቡ!" ብዬ ደንበኛ ስሸኝ የሰማኝ ሰው ግማሹን ከተማ በእጄ የቀባሁት ይመስለዋል። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እስካለፈው ጥር ድረስ በገዛ እጄ የቀባሁት ነገር ቢኖር ጫማዬን ነው፤ እሱንም ሊስትሮ የጠፋ ዕለት።

ታዲያ ምን ነካህ አትሉኝም? ልጅ መዳር ነካኝ። ማስተዋል የምትባል ሴት ልጅ አለችኝ። ሞጣ ላይ ሥራ ይዛ ስትኖር ይበልጣል ከሚባል ልጅ ጋር ተዋወቀች፤ ከሞጣ ሽማግሌ ተላከ፤ እኛም ወግ ነውና ሽማግሌዎቹን ትንሽ አመላልሰን እሺ አልን። የቀረው ከጥምቀት በኋላ የወንዱ ወገኖች ቢቸና መጥተው ከእኛ ሽማግሌ ጋር ቀን መቁረጥ ብቻ ነው። የእኛ ሽማግሌ አያ ቢያድግልኝ ናቸው፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም። በእኛ ቤት እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጅ አይዳርም፣ መሬት አይካፈልም፤ አሁን አሁንማ ባጃጅም አይገዛም።

ባለቤቴ ጥሩዓለም ለእንግዶቹ መሰናዳት ስትጀምር መጀመሪያ ያየችው በጉን አይደለም፣ የግቢያችንን በር ነው።

"የቀለም ሻጭ በር ዝጎ!" አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "የልጄ አማት በዚህ ነው የሚገባው? እሱ እኮ በር ቀቢ ነው! ከሰው ፊት በፊት የሚያየው በር ነው!"

እውነቷን ነው። የይበልጣል አባት አቶ አዳሙ ሞጣ ላይ መኪናና የብረት በር በመርጫ እየቀቡ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እሳቸው የቀቡት በር ፊት ሴቶች ቆመው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ ይባላል። በሩን የሚቀባ ሰው ብፈልግ ደግሞ በሰርግ ወራት ቀቢ ማግኘት ዘበት ሆነብኝ፤ ሁሉም እንደኔ ልጅ ሊድር በር ያስቀባል።

ይህን ጭቅጭቅ ተሸክሜ ዕቃ ላመጣ ሞጣ ሄድሁ። እግረ መንገዴን አቶ አዳሙን ልጠይቅ ወደ ሥራ ቦታቸው ጎራ ብል አፋቸውን በማስክ፣ ዓይናቸውን በመነጽር ሸፍነው፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው አንድ ባጃጅ እየረጩ አገኘኋቸው።

"እንደምን ዋሉ!" አልሁ። ዝም።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ አዳሙ!" አሁንም ዝም። እጃቸው ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ልቤ ትንሽ ቅር ሊለው ሲል መስመሩን ጨረሱ፤ የመርጫውን ቃታ ለቀቁ፤ ማስኩን አወረዱና እቅፍ አድርገው ሳሙኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቃታ ተስቦ ሰላምታ የለም" አሉ።

ባጃጁን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል። ይኼኔ ምላሴ ከእኔ ተለይታ ወጣች። "ይኼማ ቀላል ነው" አለች። "እኔም እኮ የቀለም ሰው ነኝ። በሬን ራሴ ልረጨው ሳስብ መርጫ አጥቼ ነው።" አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔን ግን ማንም አወቅህ አላለኝም፤ ራሴን አመስግኜ ራሴ አጠብሁ።

አቶ አዳሙ ደስ አላቸው። አየር አምቃ የምትገፋውን ትንሿን ኮምፕሬሰርና አንድ መርጫ አውጥተው "ይውሰዱ! የዝምድናችን መጀመሪያ ይሁን" አሉኝ። ከዚያ ትምህርቱ ጀመረ።

"ማስክና መነጽር ሳያደርጉ ቃታ አይንኩ፤ የሚረጨው ቀለም በርና ሳንባ አይለይም። እሳት አጠገብዎ አይኑር፤ ቀለም ማቅጠኛው ቲነር እሳትን ከሩቅ ይጠራዋል። የመርጫውን አፍ ወደ ሰው አያዙሩ፣ በቀልድም ቢሆን። ከበሩ አንድ ስንዝር ያህል ይራቁ፤ ቢቀርቡ ይፈስብዎታል፣ ቢርቁ ሳይደርስ አቧራ ይሆናል። እጅዎን እንደ አጫጅ በክብ አይወርውሩት፤ ከላሜራው እኩል ይሂድ። አዲሱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይርገጥ። መጀመሪያ እጅዎ ይነሣ፣ ከዚያ ቃታው ይሳብ። መጀመሪያ ቃታው ይለቀቅ፣ ከዚያ እጅዎ ይቁም። ቃታ ስበው መቆም የለም! እጅዎ ቆመ ማለት በሩ አለቀሰ ማለት ነው።"

"አለቀሰ?"

"ቀለሙ አንድ ቦታ ይበዛና እንባ ሆኖ ይወርዳል። ያው እንደወረደ ይደርቃል፤ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል።" ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩ። "ሲጨርሱ መርጫውን በቲነር ጥርግ አድርገው ይጠቡት። ሳይታጠብ ካገኘሁት ዝምድናውን እናስብበታለን።" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ወደ ቢቸና ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትምህርቱ እንዳይጠፋኝ ልምምድ ያዝሁ። እጄን አነሣለሁ፣ ጣቴን እስባለሁ፣ ከመስኮቱ እኩል እሄዳለሁ፣ ጣቴን እለቃለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እየራቁኝ እየራቁኝ ሄደው ግንደወይን ስንደርስ ከላስቲክ ጠርሙሳቸው ጠበል ረጩብኝና "ይማርህ ልጄ" ብለውኝ ወረዱ። አረጫጨታቸውን ልብ ብዬ አየሁት፤ በጣም ቀርበው ነው የረጩኝ፣ ስለዚህ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ትምህርቱ ገብቶኛል ማለት ነው።

ቢቸና ስደርስ መብራት የለም። ኮምፕሬሰር ያለ መብራት ምን ያደርጋል? በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ዝገቱን አራግፌ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት በብሩሽ ቀብቼ፣ መብራትን እንደ ዝናብ ስጠብቅ ከረምሁ። መጣ! የመጣው ግን እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር፣ በገበያ ቀን፣ በማለዳ ነው። በራችን ደግሞ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስኬን አጠለቅሁ፣ መነጽሬን ደፋሁ፣ ጓንቴን ለበስሁ፣ የዝናብ ካፖርቴን ደረብሁበት። ካርቶን ላይ ሞከርሁ። ሰማያዊው ቀለም ፍስስስ ብሎ ሲወጣና ካርቶኑ ላይ እኩል ሲተኛ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ይህን ሥራ ትቼ ዕድሜዬን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ መቆሜ ቆጨኝ።

በራችን ባለ ሁለት ክንፍ ነውና የግራውን በር ጀመርሁ። እጄ ተነሣ፣ ቃታው ተሳበ፣ መስመሩ ሄደ። ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ "እንደምን አደርህ ልጄ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው፤ የነፍስ አባቴ። መስቀላቸውን አውጥተዋል።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ማስኩን አወረድሁ፣ ዝቅ አልሁ፣ መስቀል ተሳለምሁ። አባም ለእኔ፣ ለጥሩዓለም፣ ለማስተዋል፣ ለገበያው፣ ለዓመቱ እህል ሁሉ መረቁ። "አሜን፣ አሜን" ስል እጄ ቆሟል፤ ጣቴ ግን ቃታው ላይ ነው። ጣቴን የመረቀ የለም። አባ ሲሄዱ ዘወር ብል በሩ ላይ አንዲት ሰማያዊ እንባ ቁልቁል ትወርዳለች።

ላብሳት ስል ባሰች። ተውኋትና ቀጠልሁ። እትዬ የውብዳር የበርበሬ ቋጠሯቸውን ይዘው ደረሱ። እትዬ የውብዳር ደግሞ ሰላምታቸው በቤት አያበቃም። "እንደምን አደራችሁ? ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? የዚያች የታመመችው ጊደርስ?" ጊደሯ የዛሬ ዓመት ድናለች። ቢሆንም "ድናለች" ብሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ሰላምታ የእግዜር ነው። በሩ ለጊደሯም አለቀሰ።

ከዚያ ገበያተኛው ጎረፈ። አንዱ አለባበሴን አይቶ "ምን ተባይ ገባባችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ቀለም ነው" ብዬ ብነግረው አላመነም፤ ወሬውን ይዞ ወደ ገበያ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው መጥቶ "የእኔን የሽምብራ ጎተራም ብትረጭልኝ?" አለኝ። አንዱን ሽማግሌ ለመቀበል ጎንበስ ስል መርጫውም አብሮኝ ጎነበሰና የራሴን ግራ ጫማ ሰማያዊ አደረግሁት። ደግነቱ ሽማግሌውን አልነካሁም፤ የአቶ አዳሙን አንድ ትእዛዝ በጫማዬ ከፍዬ ጠበቅሁ። የግራው በር ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች የለቅሶ ቤት ሆኗል።

በዚህ ጊዜ ቁርጥ ሐሳብ አደረግሁ። የቀኝ በር ላይ ንጉሥ ቢያልፍ አልዞርም። ቃታ ተስቦ ሰላምታ የለም! ፊቴን ወደ ሥራዬ፣ ጀርባዬን ወደ መንገዱ፣ ልክ እንደ አቶ አዳሙ። እጄ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ከኋላዬ አንድ ሰው "እንደምን አደርህ?" አለኝ፤ ዝም። ደገመኝ፤ ዝም። ጉሮሮውን ጠርጎ ሦስተኛ ሰላም አለኝ፤ ዝም። ኮቴው ራቀ። የበሩ የላይኛው ግማሽ ግን፣ ማርያምን፣ ፊቴ ይታይበታል! አንዲት ጠብታ የለችም። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ጥሩዓለም ከግቢው እየሮጠች ወጣች።

"አንተ ሰውዬ! አያ ቢያድግልኝን ምን አድርገሃቸው ነው?"

"የት አሉ?"

"አሁን አለፉ እኮ! ሦስት ጊዜ ሰላም ብለውህ ጀርባህን ሰጠሃቸው! 'ገና ከሞጣ ጋር ሳይዛመድ ኮራብን' እያሉ ለመንገደኛው ሲናገሩ በአጥር ሰማኋቸው። ነገ ማን ሊናገርልን ነው? ማን ቀን ሊቆርጥ ነው?"

ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁና እንደለበስሁ ወደ ገበያ ሮጥሁ። ማስክ፣ መነጽር፣ የዝናብ ካፖርት፣ አንድ ሰማያዊ ጫማ። ተባይ ገባ የሚለው ወሬ ቀድሞኝ ስለነበር ገበያተኛው ሲያየኝ እህሉን በጆንያ መሸፈን ጀመረ። አያ ቢያድግልኝን ከጨው ተራ አገኘኋቸው። መሬት ስሜ ተነሣሁ፤ "አያ፣ ይቅር ይበሉኝ! ቃታ ተስቦ ነው!" አልኋቸው።

ዓይኔን፣ ማስኬን፣ ጫማዬን አዩ። "እናያለን" አሉ። ይህን ብቻ። በእሳቸው ዘንድ "እናያለን" ማለት እምቢ ከማለት በአንዲት ጣት ነው የሚርቀው።

ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ጭድ የጫነች አህያ በራችንን ታክካ አልፋ የቀኙ በር የታችኛው ግማሽ ጢም አብቅሏል። አንቲረስቱ ላይ ትንሽ ቀለም ረጭቼበት ነበርና ጭዱ ደኅና አድርጎ ያዘ። ላነሣው እጄን ስሰድ ኮምፕሬሰሩ አጠገብ ያለው አምፖል ጥፍት አለ። መብራት ሄደ። የቀረኝ ነገር መርጫውን በቲነር ጥርግ አድርጌ ማጠብ ብቻ ነበርና አጠብሁት። ከትምህርቱ ሁሉ በትክክል የፈጸምሁት ይህን ነው።

በማግሥቱ ጥሩዓለም ዘዴ አመጣች። "በሩን ወለል አድርገህ ክፈተው። የተከፈተ በር ማን ያያል?" አለች። ግንባሯን ሳምኋት። ሁለቱንም በሮች ወደ ውስጥ ገፍቼ ከአጥሩ ጋር አጣበቅኋቸው፤ እንግዶቹም በክብር ገቡ፣ ዳሱ ውስጥም ተቀመጡ። ያኔ ነው ያየነው። ወደ ውስጥ ዞሮ ከአጥሩ የተጣበቀ በር የውጭ ፊቱን ለግቢው ይሰጣል። እንባውም ጢሙም ከእንግዶቹ ፊት ለፊት ተደርድሮ ቁጭ አለ። እኔም ጥሩዓለምም ተያየን፤ እሷ ወደ ማድ ቤት ሸሸች፣ እኔ ግን የምሸሽበት አልነበረኝም።

ምሳ ተበላ። ጠላው ዞረ። የሞጣ ሽማግሌዎች ተነሥተው "እንግዲህ ቀኑን እንቁረጥ" አሉ። ሁሉም ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረ። አያ ቢያድግልኝ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዝም። ሁለተኛ ተጠየቁ፤ ዝም። ማስተዋል ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ልጄ ናትና እሷን ማየት አቃተኝ፤ ዓይኔን ሳነሣ አቶ አዳሙ በሩን እያዩ ነው።

ተነሡ። መነጽራቸውን አደረጉና ወደ በሩ ሄዱ። እኔም ተከተልሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ የመጀመሪያዋን እንባ በጣታቸው እየነኩ።

ውሸት አልመጣልኝም። "አባ ወልደ ሥላሴ ናቸው" አልሁ።

"ምን አሉኝ?"

"አባ ሰላም ሲሉኝ ነው። ቃታው ተስቦ ነበር።"

"ይኼኛውስ?"

"እትዬ የውብዳር። ከጎኗ ያለችው ጊደሯ ናት።"

አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ አንድ በአንድ በስማቸው ነገርኋቸው። ዳሱ ውስጥ ሳቅ ተጀመረ። የቀኙ በር ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። የላይኛውን ግማሽ ዳሰሱት፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በጎን አዩት።

"ይኼ የባለሙያ እጅ ነው። ይኼ እንዴት ወጣልዎት?"

ከዳሱ ውስጥ አንድ ድምፅ ቀደመኝ።

"እሱ እኔ ነኝ" አሉ አያ ቢያድግልኝ። "ሦስት ጊዜ ሰላም ብዬው ዝም ያለኝ ነው።"

ሳቁ ጸጥ አለ። አቶ አዳሙ ነገሩ ገባቸው። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ፤ ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ" አሉ። አያ ቢያድግልኝ ፊታቸውን አዞሩ። አቶ አዳሙም ባለሙያ ሰው ሐፍረት ሲይዘው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሥራ ፈለጉ። "ይህን ጢም እንኳ ልላጨው" ብለው መርጫውን አስመጡ፣ አፉን አሸተቱ፣ መታጠቡን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ጭዱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቁት፣ የተረፈውን ቀለም በቲነር አቀጠኑት፣ ማስካቸውን አጠለቁ፣ ሰዉን አራቁ። መብራት ባይኖርም የኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ ከትናንት የቀረች ትንሽ አየር ነበረች። እጃቸው ተነሣ፣ ቃታው ተሳበ። እንዴት ያምር ነበር! ዳሱ ሁሉ ተነሥቶ ያይ ጀመር።

ይኼኔ አያ ቢያድግልኝ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ቀስ ብለው መጡና ከአቶ አዳሙ ጀርባ ቆሙ።

"እንደምን ዋሉ፣ አቶ አዳሙ?" አሉ።

የአቶ አዳሙ እጅ መንገዱን ቀጠለ። ማስተዋል ነጠላዋን መጠምዘዝ አቆመች።

"እንደምን ዋሉ?" አሉ ደግመው።

እጃቸው በሩ ላይ ቆመ። የመርጫውን አፍ ከበሩ ላይ ሳያነሡት፣ ወደ ሰው አይዞርምና፣ በሌላ እጃቸው ማስኩን አወረዱ፤ ወገባቸውን አዙረው እስከ መሬት ዝቅ አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ እንደምን ዋሉ? ቤቱ እንዴት ነው? ልጆች? ከብቱ? አዝመራው እንዴት ሰነበተ?" አንዱንም ሳይዘሉ፣ አንዱንም ሳያሳጥሩ ጠየቁ፤ አያ ቢያድግልኝም አንድ ሳያስቀሩ መለሱ። የሞጣው ባለሙያ ጣት ግን ቃታው ላይ ነበር። አየሩ እስኪያልቅ ድረስ በሩ አለቀሰ።

አያ ቢያድግልኝ እንባዋ ወርዳ መሬት እስክትደርስ ድረስ አዩአት። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ምን ትጠብቃላችሁ? ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን!" አሉ።

ጥሩዓለም ከማድ ቤት በእልልታ ወጣች። ማስተዋል የአያ ቢያድግልኝንና የአቶ አዳሙን ጉልበት ሳመች። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ባጣ በሩን አቀፍሁት፤ የበዓል ልብሴም ሰማያዊ ሆነ።

አቶ አዳሙ ያችን ጉድ ፍቀው ሊያስተካክሉ ቢለምኑ አያ ቢያድግልኝ "አትነካም!" አሉ። በሩ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። እትዬ የውብዳር እንግዳ ሲመጣባቸው ይዘውት መጥተው የእሳቸውን እንባ ያሳዩታል፤ ያን ቀን በበራችን ያላለፈ ጎረቤት ደግሞ ለምን ቀረሁ ብሎ ያኮርፋል። ከሁሉም የምትረዝመው ግን የአቶ አዳሙ ናት። ባለሙያ አይደሉ?